ዩኒቨርሲቲውን ትቼ አባቴ ወርክሾፕ ልግባ ወይ?

ጥያቄው አጠር ሲል እንዲህ ይላል።

«የ32 ዓመት ሴት ነኝ። ሜካኒካል ኢንጂነር ነኝ፤ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፣ ምርምርም እሠራለሁ። የመጨረሻው ሥራዬ ለፎገራ ገበሬ የሚሆን የሩዝ መፈልፈያ ነው። አባቴ ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አላቸው። ወፍጮና የውሃ ታንከር ይሠራሉ፤ የመስኖ ፓምፕም ይጠግናሉ። ፖሊ ቴክኒክ ተምረው፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ሠርተው ነው የጀመሩት። አሁን 68 ዓመታቸው ነው፤ ወገባቸውን ያማቸዋል። ታናሽ ወንድሜ ግዢውንና ገንዘቡን ይዟል። ታላቅ እህታችን አዲስ አበባ ናት። አባቴ ‹ነይና ተረከቢኝ› አሉኝ። በሌላ በኩል ውጭ አገር የዶክትሬት ዕድል አግኝቻለሁ። ምርምሬ ከንቱ እንዳይቀር እፈራለሁ። ደመወዝ መጠየቅስ ነውር ነው? ወንድሜስ ምን ይላል?»

እህቴ፣ ሳላንዛዛ ልመልስልሽ። ግቢ። ግን ከመግባትሽ በፊት ሥራሽ ምን እንደሆነና ምን እንደሚከፈልሽ በወረቀት ይስፈር። ከገባሽ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት አዲስ ማሽን ስትፈለስፊ አታሳልፊው። አባትሽ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ወርክሾፕ ወደ ወረቀት አውርጂው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

እኔም ከማስተማርና ከምርምር ወጥቼ ቤተሰብ ድርጅት ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ። አሁን አነስተኛ የብረታ ብረት ድርጅቶችን አማክራለሁ። የምነግርሽ ግማሹ ከቶርኖ (ከብረት መቅረጫ ማሽን) አጠገብ፣ ግማሹ ከቤተሰብ ጉባኤ የተለቀመ ነው።

ከፍርሃትሽ ልጀምር። ጽሑፍ ማሳተሙ ይቀንሳል፤ እሱን አልደብቅሽም። ጉባኤ ላይ መቅረብ፣ ተማሪ ማማከር፣ ክረምት ላይ ረጋ ብሎ ማንበብ፣ እነዚህ ይናፍቁሻል። የመለካት ልምድሽ ግን የትም አይሄድም። እንዲያውም ወርክሾፑ ያጣው እሱን ነው።

ፓምፕ ትጠግናላችሁና በፓምፕ ላሳይሽ። ጣና ሐይቅ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ጥቅምት ላይ ፓምፑን ይተክላል። ጥሩ ይስባል። ሚያዝያ ላይ «አልስብ አለኝ» ብሎ ተሸክሞት ይመጣል። ጠጋኙ ፈትቶ ጎማውን ይቀይራል፣ ኩሽኔታውን ይቀይራል፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ውሃ ውስጥ ያለውን ፉት ቫልቭ ያጸዳል። ገበሬው ይከፍላል። ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ይመጣል። አሁን ስድብም ይዞ ነው የሚመጣው።

ፓምፑ ግን ጭራሽ ያልተበላሸ ሊሆን ይችላል። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ግፊት እንደሆነ ለተማሪዎችሽ ስንት ጊዜ አስተምረሻል። በባሕር ጠለል ደረጃ የአየሩ ግፊት ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ከፍ ያደርጋል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የሚያነሳው 8.3 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ሁለቱ ሜትር ገና ሳይጀመር ሄደ። ፓምፑ ላይ «7 ሜትር ይስባል» ተብሎ የተለጠፈው ለወደብ ከተማ ነው፤ እኛ ጋ 5 ብለሽ አንብቢው። በዚያ ላይ ጣና ከመስከረም እስከ ግንቦት ማለቂያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይወርዳል። ዳሩ ለጥ ያለ ስለሆነ ውሃው ሲሸሽ ቱቦውም ይረዝማል። ረጅም ቱቦ ደግሞ ራሱ ጉልበት ይበላል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተርም በየ100 ሜትር ከፍታው ከመቶ አንድ እጅ ያህል ኃይሉን ያጣል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሚያዝያ ላይ ገበሬውና ፓምፑ ይጣላሉ።

ይህን ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም። የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ ነው። ግን ደንበኛው «ጠግኑልኝ» ብሎ ስለመጣ ይጠገንለታል፤ የሚያሰላለት የለም። አንቺ ካለሽ አንድ ሜትርና ብዕር ይዘሽ «ፓምፑ ከውሃው ስንት ሜትር ከፍ ይላል?» ትያለሽ። መልሱ 6 ሜትር ከሆነ ጥገናው አይረዳውም። ፓምፑን ዝቅ አድርጎ መትከል አለበት፤ ካልሆነም በባዶ በርሜል የሚንሳፈፍ መድረክ ይሠራለታል። መድረኩ አንጎላሬ (ባለ ማዕዘን ብረት)፣ ላሜራ (ዝርግ ብረት) እና ብየዳ ነው። የአባትሽ ሙያ ማለት ነው። ድሮ በጎማ ቅያሪ ታልፍ የነበረች ደንበኛነት አሁን አንድ ሙሉ ምርት ወለደች። ቆጋ መስኖ ያለውን ገበሬ ግን በዚህ ሒሳብ አታስገቢው። የቆጋ ውሃ ከግድቡ በስበት ስለሚወርድ እዚያ የፓምፕ ገበያ ቀጭን ነው።

እንግዲህ ምርምርሽ የሚሄደው እዚህ ነው። ርዕሱ ያንሳል፣ መልሱ ግን ወዲያው ይፈተናል።

አሁን ወደ ዋናው። አባትሽ ወፍጮ ሲሠሩ ንድፉ የት ነው ያለው? ልገምት። አንድ የቆየ ደብተር ላይ ጥቂት ቁጥሮች፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈ ልክ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ ከላሜራ የተቆረጠ መለኪያ። የቀረው ጭንቅላታቸው ውስጥና በዋናው በያጅ እጅ ላይ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? «ተረከቢኝ» ያሉሽ አባትሽ ማሽኖቹን ብቻ ከሆነ የሚያስረክቡሽ፣ የምትረከቢው አሮጌ ቶርኖ ነው። ገበያ ወጥተሽ ልትገዢው ትችያለሽ። ፑሌጃው (ቺንጋው የሚዞርበት ጎማ) ስንት ቢሆን ወፍጮው ዱቄቱን እንደማያቃጥል፣ የትኛው ደንበኛ ቀብድ ሳይከፍል እንደማይታመን፣ የትኛው ብየዳ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደሚሰነጠቅ ግን ገበያ ላይ የለም። የሚገኘው እሳቸው ዘንድ ነው፤ እሳቸው ደግሞ 68 ዓመታቸው ነው።

እንዴት ይጻፋል? ቃለ መጠይቅ አታድርጊላቸው። «አባዬ፣ ስለ ወፍጮ ንገሩኝ» ካልሻቸው ታሪክ ይነግሩሻል፤ ልክ ግን አይነግሩሽም። ብዙ የሚሸጠውን አንድ ምርት ምረጪ። ወፍጮ እንበል። ላሜራው ተገዝቶ ከገባበት ጀምሮ ደንበኛው ጭኖት እስኪወጣ ድረስ ተከተይው። የገባውን ብረት መዝኚ። የወጣውን ወፍጮ መዝኚ። ልዩነቱ ቁርጥራጭ ነው። 1 በ 2 ሜትር የሆነ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ 31 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ካንዱ ላሜራ ስምንት ኪሎ ማዕዘን ውስጥ ተጥሎ ካገኘሽ፣ ከገዛችሁት አራት ላሜራ አንዱን ያህል ጥላችኋል ማለት ነው። የአቆራረጡን ንድፍ ወረቀት ላይ አስተካክለሽ ብቻ ከዚያ ግማሹን ማትረፍ ይቻል ይሆናል። አዲስ ማሽን አልገዛሽም፣ ማንንም አላባረርሽም።

ከዚያ ሰዓቱን ጻፊ። ለመቁረጥ ስንት፣ ለብየዳ ስንት፣ መብራት ጠፍቶ ለመቀመጥ ስንት፣ መፍቻ ለመፈለግ ስንት። (ግድግዳቸው ላይ የካይዘን (የሥራ ቦታን በሥርዓት የማደራጀት ዘዴ) ፖስተር የለጠፉ ብዙ ወርክሾፖች አይቻለሁ። ፖስተሩ ሥር ቆሞ መፍቻ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም።) ኤሌክትሮዱን፣ ኩሽኔታውን፣ ቺንጋውን፣ ቀለሙን፣ የቤቱን ኪራይ ጨምሪ። የአንድ ወፍጮ እውነተኛ ወጪ ይወጣል። አብዛኛው ባለ ወርክሾፕ ዋጋ የሚተምነው የብረቱን ዋጋ በሆነ ቁጥር አባዝቶ ነው። የብረት ዋጋ ዝም ብሎ በተቀመጠበት ዘመን ይህ ይሠራ ነበር። ከሐምሌ 2016 በኋላ ግን አይሠራም። ያኔ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲወሰን ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በወራት ውስጥ 100ን አለፈ። ወር ሙሉ የሚያገለግል ፕሮፎርማ ሰጥቶ የነበረ ወርክሾፕ ሥራውን በኪሳራ ነው ያስረከበው። ፕሮፎርማችሁ ላይ ዋጋው የሚጸናበትን ቀን ጻፉበት፤ አጭር ይሁን። ቀብዱም ብረቱን የሚገዛ ይሁን።

ውጤቱን መጀመሪያ ለአባትሽ ብቻ አሳዪ። ማታ፣ ቤት ውስጥ። አርባ ዓመት የሠሩበትን ዋጋ ሠራተኛ ፊት «ተሳስቷል» ካልሽ፣ ቁጥርሽ ትክክል ቢሆንም በዚያው ቀን ያበቃልሻል።

ከአባትሽ ይልቅ የሚከብድሽ ግን ዋናው በያጅ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። እሱ የሚያውቀው ነገር መተማመኛው ነው። ጡረታው፣ የደመወዝ ጭማሪ መጠየቂያው፣ «ጥዬ እሄዳለሁ» ማለት የሚችልበት ኃይሉ። አንቺ ደብተር ይዘሽ አጠገቡ ስትቆሚ የሚታየው ያ ሲወሰድበት ነው። ስለዚህ ዝም ይላል። ወይም ግማሹን ያሳይሻል። ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የማደርገው። እንግዲህ በቅድሚያ አባትሽ ጠርተው ቦታውንና ደመወዙን ያረጋግጡለት። ንድፉን አንቺ ሣዪና ቀይ እስክሪብቶ ስጪው፤ ያርመው። ያርመዋልም፣ ስህተት ያገኝብሻል፣ ደስ ይለዋል። የታረመው ንድፍ ላይ «ያረጋገጠው» በሚለው ቦታ ስሙ ይግባ። ልጆችን ሲያሠለጥን የሚከፈለው ይኑር። ስሙ ያለበትን ወረቀት የሚደብቅ ባለሙያ ብዙ አላየሁም።

ደንበኛ ደግሞ መጥቶ አንቺን እያየ «ጋሼ የሉም?» ይላል። «ወንድምሽን ጥሪልኝ» የሚልም አለ። በክርክር አይፈታም። አባትሽ ደንበኛው ፊት «እሷን ጠይቃት፣ እሷ ነች የምታውቀው» ማለት አለባቸው። አንድ ቀን ብለው በሌላው ቀን ራሳቸው ከመለሱ ዋጋ የለውም። ይህንን ከመግባትሽ በፊት ቃል አስገቢያቸው።

የሩዝ መፈልፈያሽ ጋ ደረስን። ልብሽ እዚያ እንዳለ ከጽሑፍሽ ያስታውቃል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ወረታና ዙሪያዋ ካሉት አሮጌ መፈልፈያዎች ውስጥ ብዙዎቹ በብረት ሲሊንደር ፍትጊያ የሚሠሩት ኤንግልበርግ የሚባሉት ዓይነት ናቸው። በዚህ ዓይነት ማሽን ከነገለባው ከገባ 100 ኪሎ ሩዝ የሚወጣው ነጭ ሩዝ ከ55 ኪሎ ብዙም አያልፍም፤ ብዙውም የተሰባበረ ነው። ሁለት የጎማ ሮለሮች በተለያየ ፍጥነት እየዞሩ ገለባውን የሚያወልቁበት ዘዴ ግን ከ60 ኪሎ በላይ ያስገኛል፣ ስብርባሪውም ያንሳል። ሒሳቡ ላይ አንቺ ትረቺያለሽ።

ማሽን ግን በሒሳብ ብቻ አይሸጥም። የጎማ ሮለር ያልቃል። ሲያልቅ ከየት ይመጣል? ከውጭ ነው የሚመጣው፣ በዶላር። ባለ መፈልፈያው ሰውዬ በታኅሣሥ ሩዙ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ሮለር አልቆበት ሁለት ሳምንት ቢቆም ያንን ዓመት ከሰረ። የብረቱ ሲሊንደር ግን ቢያረጅ ሠፈሩ ያለ በያጅ ብረት ሞልቶበት፣ ቶርኖ ላይ አስተካክሎ በማግስቱ ያስነሳዋል። ገበሬውም ሩዙን በደንብ ሳያደርቅ ያመጣል፤ ላብራቶሪ ውስጥ 14 ከመቶ እርጥበት ላይ የፈተንሽው ማሽን እዚያ ሌላ ጠባይ ያወጣል። ስለዚህ ምርምርሽ ገና አላለቀም። የቀረው ክፍል «በወረታ መለዋወጫ የሚጠገን መፈልፈያ» የሚለው ነው፤ እሱ ደግሞ ከላብራቶሪ ይልቅ ወርክሾፕ ይፈልጋል። ግን ቢያንስ አንድ ዓመት ይቆይ። የወፍጮውን ወጪ በትክክል ሳታውቂ የመፈልፈያውን ዋጋ ልታወጪ አትችዪም።

አንድ የሕግ ነገር እግረ መንገዴን። ያንን ማሽን የሠራሽው ዩኒቨርሲቲ ተቀጥረሽ፣ በምርምር በጀት ከሆነ የእኔ ነው ብለሽ አትውጪ። የፈጠራ ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 123/1987 በሥራ ውል የተሠራ ፈጠራን በመሠረቱ ለቀጣሪው ነው የሚሰጠው። ከመልቀቅሽ በፊት የቴክኖሎጂ ሽግግር ቢሮውን አናግሪ፤ የማምረት ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ። ወርክሾፑ ውስጥ የምታሻሽዪው ክፍል ግን የራሳችሁ ይሆናል። ለእንዲህ ያለ አነስተኛ ማሻሻያ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፍኬት አለ፤ ለ5 ዓመት ይሰጣል፣ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። ለወርክሾፕ ሥራ ብዙ ጊዜ ከፓተንት ይልቅ እሱ ይስማማል።

ገንዘብ። ደመወዝ መጠየቅ ነውር አይደለም። ነውሩ ዝም ብሎ አሥር ዓመት ለፍቶ፣ በኋላ ለቅሶ ቤት ውስጥ መጠየቅ ነው።

ለምን እንደምል ልንገርሽ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይወርሳሉ። ከዚያ በፊት በትዳር ውስጥ ከተፈራው ሀብት ግማሹ የእናትሽ ነው። ሦስት ልጆች ናችሁ። እናትሽ በሕይወት ካሉ ያንቺ ድርሻ ከአጠቃላዩ ስድስተኛው ነው። እዚያው እየዋልሽ ወርክሾፑን እጥፍ ብታደርጊውም ድርሻሽ አዲስ አበባ ካለችው እህትሽ ጋር እኩል ነው። እህትሽ ምንም አላጠፋችም። ድካምሽ የሚከፈልበት ሌላ መንገድ ከሌለ ግን ያኔ እህትሽ ጥፋተኛ ትመስልሻለች። ቤተሰብ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ የሥራሽ ዋጋ ደመወዝ ይሁን፣ በየወሩ ይከፈል። ድርሻ ደግሞ ለብቻው ይነገር።

ስንት ልጠይቅ ካልሽኝ፣ አባትሽ ነገ ከመንገድ አንድ ኢንጂነር ቢቀጥሩ የሚከፍሉትን ያህል። «ልጄ ነሽ፣ የፈለግሽውን ከመሳቢያው ውሰጂ» ካሉሽ እምቢ በይ። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከዚያው መሳቢያ ዕቁብ ይወጣል፣ የማኅበር መዋጮ ይወጣል፣ የሠራተኛ ብድር ይወጣል፣ ዓመት ሲዞር ወርክሾፑ አተረፈ ወይስ ከሰረ የሚያውቅ አይኖርም። ደግሞ ያን ያህል መክፈል አንችልም ካሉ፣ እሱም መልስ ነው። ደብተሩን አይተሽ ለምን እንደማይችሉ እወቂ። የሚያተርፍ መስሏቸው ከኪሳቸው የሚደጉሙት ወርክሾፕ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ዩኒቨርሲቲውን ከመልቀቅሽ በፊት ብታውቂው ይሻላል።

የንግድ ፈቃዱ በማን ስም እንደሆነም ጠይቂ። አባትሽ እንደ ግለሰብ ነጋዴ ተመዝግበው ከሆነ የወርክሾፑ ዕዳ የእሳቸው ዕዳ ነው፤ የሚኖሩበት ቤት ሳይቀር ይጠየቅበታል። ባንክ ብድር ወስዳችሁ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ብታደርጉት ይመረጣል። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውንም እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ ስለዚህ አባትሽ ብቻቸውን ጀምረው ለልጆቻቸው ድርሻ ቀስ እያሉ መስጠት ይችላሉ። ለዚህ ጠበቃና የሒሳብ ባለሙያ ክፈሉ። የጎረቤት ምክር አይበቃም፤ የእኔም ጭምር።

ወንድምሽ። ስለ እሱ የጻፍሽው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እኔ ግን ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው እላለሁ። አንቺ ስትማሪ፣ ስታስተምሪ፣ እሱ ብረት ተራ ሲሟገት ነው የከረመው። አሁን ዲግሪ ይዘሽ ትመጪና ላሜራ ትመዝኛለሽ። ግዢው የእሱ ነው። ላሜራውን ስትመዝኚ እሱን የምትመዝኚ ነው የሚመስለው። ገበያ ላይ «ባለ 2 ሚሊ» ተብሎ የሚሸጥ ላሜራ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ሲለካ 1.8 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከመቶ አሥር እጅ ማለት ነው። ይህን አንቺ ካገኘሽው ወንድምሽ ወይ የተታለለ ወይ የሰረቀ ይባላል። እሱ ራሱ ካገኘው ግን ነጋዴውን ይዞ ዋጋ የሚያስቀንስ ጎበዝ ነው። ስለዚህ ካሊፐሩን ለእሱ ስጪው። ምንም ነገር መለካት ከመጀመርሽ በፊት ሁለታችሁ ብቻ ቡና ጠጡና ምን ልታደርጊ እንዳሰብሽ ንገሪው። ግዢና ሽያጭ የእሱ፣ ንድፍ፣ ጥራትና ወጪ ያንቺ ብላችሁ ተካፈሉ። የማትስማሙበትን ነገር አባትሽ ዘንድ ከመውሰዳችሁ በፊት አንድ ሌሊት ይደር።

ስለ ዩኒቨርሲቲው አጭር ነው። የሁለተኛ ዲግሪሽን በዩኒቨርሲቲው ወጪ ተምረሽ ከሆነ የፈረምሽው የአገልግሎት ግዴታ ይኖራል። ውሉን አውጥተሽ አንብቢው፤ የቀረ ዓመት ካለ ገንዘቡ ስንት እንደሆነ እወቂ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ማግኘት ከቻልሽ በእሱ ጀምሪ። ግንኙነቱንም አትቁረጪ። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች አንድ ሴሚስተር ለኢንተርንሺፕ ይወጣሉ፤ ብዙዎቹ የሚረባ ቦታ ያጣሉ። ሁለት ጎበዝ ልጆች ተቀበዪና ያንን የወፍጮ ንድፍ በካድ (በኮምፒውተር የንድፍ ፕሮግራም) ይሣሉልሽ። እነሱ ይማራሉ፣ ወርክሾፑ ንድፍ ያገኛል፣ የቀድሞ ባልደረቦችሽም ስልክሽን አይረሱም።

ዶክትሬቱን በተመለከተ ማባበል አልፈልግም። ዕድሉ ካለፈ ላይመለስ ይችላል። ሕልምሽ ማስተማርና መመራመር ከሆነ፣ ወርክሾፑ ደግሞ ይሉኝታ ብቻ ከሆነብሽ፣ ሂጂ። በይሉኝታ የገባ ልጅ አባቱንም ሠራተኛውንም ያስመርራል። ግን ጥያቄሽን ሳነበው ስለ ዶክትሬቱ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ስለ ወርክሾፑና ስለ ሩዙ ሰባት ጻፍሽ። ውጭ አገር አራት ዓመት ቆይተሽ ስትመለሺ ደግሞ አባትሽ 72 ይሆናሉ፤ ዋናው በያጅም ሌላ ጋ ሄዶ ይሆናል። እዚሁ ሆነሽ፣ በወርክሾፑ ችግር ላይ የሚሠራ ዶክትሬት በኋላ መጀመር ይቻላል። በተቃራኒው ግን ያስቸግራል።

የመጨረሻው ነገር «ተረከቢኝ» የሚለው ነው። አባትሽ ከልባቸው ነው ያሉት፤ ግን በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወርክሾፑ በር ላይ ይገኛሉ። አይቀሩም። አርባ ዓመት የለመዱት ነው። ስለዚህ ሁሉንም አትረከቢ። የፓምፕ ጥገናውን ብቻ ስጡኝ በያቸው። አንድ ጥግ፣ አንድ ጠጋኝ፣ የራሱ የገቢና ወጪ ደብተር፣ ዋጋውንም ሥራውንም የምትወስኚው አንቺ። እሳቸው መጥተው ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ግን አይወስኑም። መስከረም ላይ ከጀመርሽ ጥቅምት ላይ ፓምፕ ሊተክል የሚመጣውን ሁሉ ፓምፑ ከውሃው ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል ጠይቀሽ ትመዘግቢያለሽ፤ ሚያዝያ ላይ ስንቱ «አልስብ አለኝ» ብሎ እንደተመለሰ ቆጥረሽ ለአባትሽም ለወንድምሽም ታሳዪያለሽ። የወፍጮውን ክፍል ያኔ ጠይቂ።